ስለ ራስ ሥራ መመስከር



የማኅበራችሁ አዘጋጆች ይህን መድረክ ሲሰጡኝ የነገሩኝ ነገር አጭር ነበር። «ውጭ አገር ለኤም ቢ ኤ፣ ለቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ፣ የሚያመለክቱ አባላት አሉን። የመግቢያ ፈተናው፣ የጂማት፣ ውጤታቸው ጥሩ ነው፤ ድርሰታቸውም ያልፋል። ቃለ መጠይቁ ላይ ሲደርሱ ግን ይቀራሉ። ለምን እንደሆነ ያስረዱን» አሉኝ። ግብዣውን ወዲያው ተቀበልኩ። ውጭ አገር በአንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ፣ ለትምህርት ቤቱ አመልካቾችን ከሚጠይቁት ምሩቃን አንዱ ሆኜ አገልግያለሁ። ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ የአገራችንን ወጣቶችም ቁጭ አድርጌ አለማምዳለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጋግሜ ያየሁትና የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው ሥራውን መናገር አቅቶት ከበር ሲመለስ ማየት።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ቃለ መጠይቁ ለምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚካሄድ እናያለን። ቀጥሎ እኛ ለምን እንደምንቸገርበትና ምን ማድረግ እንደሚገባን እነግራችኋለሁ፤ ረጅሙ ክፍል ይኸኛው ነው። በመጨረሻ ስለ ሰዓት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ስም፣ ትንንሽ ስለሚመስሉ ጉዳዮች ጥቂት እላለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። ትምህርት ቤቱ የጂማት ውጤታችሁን፣ የዩኒቨርሲቲ ማርካችሁን፣ ድርሰታችሁንና የአለቃችሁን የድጋፍ ደብዳቤ በእጁ ይዟል። ታዲያ ሰውየውን ጠርቶ ማነጋገር ለምን አስፈለገው? መልሱ ያለው መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ኤም ቢ ኤ የሚባለውን ዲግሪ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ መምህሩ ሲያስረዳ ተማሪው አጎንብሶ ማስታወሻ የሚይዝበት ትምህርት ጥቂት ነው። ተማሪዎቹ አንድ ድርጅት የገጠመውን እውነተኛ ችግር የሚተርክ ጽሑፍ ማታ አንብበው ይመጣሉ። ጠዋት መምህሩ አንዱን በስሙ ጠርቶ «አንተ ሥራ አስኪያጁ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይለዋል። ሌላው ተነስቶ ይቃወመዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱም ያላዩትን ያነሳል። ትምህርቱ ይኸው ክርክር ነው። ከኮርሱ ውጤትም ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚናገረው ነገር ነው። ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች መጠኑ ይለያይ እንጂ በዚህ መንገድ ያስተምራሉ።

ስለዚህ ጠያቂው ከእናንተ ጋር ሲቀመጥ በልቡ የያዘው ጥያቄ «ይህ ሰው ከጎኔ ቢቀመጥ ምን እማር ነበር?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አደራ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ጎበዝ መሆናችሁንማ ወረቀቱ ነግሮታል። ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ተማሪ ለራሱ ዕውቀት ይሸምት ይሆናል፤ ለጓደኞቹ ግን የሚያካፍለው የለም። ትምህርት ቤቱ ያንን ይፈራል።

አሠራሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ልዩነቱን ማወቅም ግዴታ ነው። ሃርቫርድ የሚያነጋግረው ራሱ መርጦ የጠራቸውን ብቻ ነው። ጊዜው 30 ደቂቃ ነው፤ ጠያቂው ከቅበላ ክፍሉ የመጣ ሰው ሲሆን ያስገባችሁትን ሰነድ በሙሉ አንብቦ ነው የሚመጣው። እዚያ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ድርሰትህ ላይ ከአባትህ ሱቅ ሥራ ለቀህ ባንክ እንደገባህ ጽፈሃል፤ አባትህ ምን አሉ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃችኋል። ስታንፎርድና ቺካጎ ቡዝ ግን ለጠያቂው የሚሰጡት ሲቪያችሁን ብቻ ነው። ድርሰታችሁን አላነበበም፤ ጂማት ስንት እንዳመጣችሁም አያውቅም። ስለዚህ «ድርሰቴ ላይ እንደገለጽኩት» ማለት እዚያ ትርጉም የለውም፤ ሁሉንም እንደ አዲስ መናገር ያስፈልጋል።

ፈረንሳይ ፎንቴንብሎ ያለው ኢንሲአድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድን አመልካች በሁለት ምሩቃን ያስጠይቃል፤ ሁለቱ በየራሳቸው ያነጋግሩታል፣ በየራሳቸውም ይጽፋሉ። የኤም አይ ቲው ስሎን ዋናው ነገሩ ያለፈ ድርጊት ነው። «ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለውን ትቶ «በቅርቡ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ቀን ንገረኝ፤ ምን አልክ? እሱስ ምን አለህ? ከዚያስ?» እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ዋርተን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚታወቀው በቡድን ውይይት ነው። አምስት ወይም ስድስት አመልካቾች አንድ ላይ ተቀምጠው አስቀድሞ በተላከላቸው ርዕስ ላይ 35 ደቂቃ ያህል ይወያያሉ፣ አንድ ሐሳብም አውጥተው ያቀርባሉ። የትምህርት ቤቱ ሰው ምንም ሳይናገር ያያል። ስለዚህኛው በኋላ ለብቻው እናገራለሁ፤ እኛን የሚፈትነን ፈተና ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኛ ለምን እንቸገራለን?

በመጀመሪያ ከዚህ በፊት የምናውቀው ቃለ መጠይቅ ምን እንደሚመስል አስቡ። እኛ በወረቀት ፈተና ተመዝነን ያደግን ሰዎች ነን። የወሰድነው የ12ኛ ክፍል ፈተና በወረቀት ነበር፤ አገር ቤት ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የምንወስደውም የጽሑፍ ፈተና ነው። ፊት ለፊት የተጠየቅንባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ የሥራ ቅጥርና ኤምባሲ። በሥራ ቅጥር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ከጠረጴዛ ማዶ የተደረደረ ኮሚቴ ነው። የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዘው «ማኔጅመንት ምንድን ነው? የአመራር ዓይነቶችን ዘርዝር» ይላሉ። በቃሉ የያዘ ያልፋል። የቪዛ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከመስታወት ማዶ፣ በጥቂት ደቂቃ፣ በጥርጣሬ የሚደረግ ነው። እዚያ የሚያዋጣው ቁጥብ መሆን ነው፤ የተጠየቁትን ብቻ መልሶ ዝም ማለት። አንደኛው ቃለ መጠይቅ ሸምድዶ መመለስን አስተማረን፤ ሁለተኛው ደግሞ መጠንቀቅን። ሁለቱንም ልማድ ይዘን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ጠያቂ ፊት ስንቀመጥ፣ ሰውየው በወዳጅነት ቡና ጋብዞን ሊያወራን እየፈለገ፣ እኛ በአጭሩ መልሰን አፋችንን እንዘጋለን።

ሁለተኛው ምክንያት ጥልቅ ነው፤ ከቤት የተሰጠን ነው። ልጅ ሆነን «እኔ፣ እኔ አትበል» ተብለን አድገናል። ራሱን የሚያሞግስ ሰው ባለጌ እንደሆነ፣ ሰው ሲያመሰግነው አንገቱን የሚደፋ ደግሞ ጨዋ እንደሆነ ተምረናል። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን አናይም፤ ድምፃችንንም ዝቅ እናደርጋለን። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም የምኮራበት ነው። አንድ የውጭ ትምህርት ቤት ሊገባ ብሎ ይህን የሚጥል ልጅ እንዲኖረኝ አልፈልግም። ነገር ግን ጠያቂው ይህን ጨዋነት የሚያነብበት ዓይን የለውም። አንገት መድፋቱ ለእሱ አለማወቅ፣ ዝም ማለቱ ደግሞ የሚናገረው ነገር ማጣት ሆኖ ይታየዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዳንድ አሠልጣኞች «ራስህን ሽጥ» ይላሉ። እኔ ይህን ምክር አልወደውም። ለእኛ ሰው አይሆንም፤ ሲሞክረውም ያስታውቅበታል፣ ፊቱ ይለወጣል፣ ድምፁ የራሱ አይመስልም። እኔ የምለምናችሁ እማኝ እንድትሆኑ ነው። ለሙግት አዲስ ሕዝብ አይደለንም። በሸንጎ የቆመ እማኝ ሥራው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ማለት ነው። አይጨምርም፤ ከጨመረ ሐሰተኛ ይባላል። አይደብቅምም፤ የደበቀ እማኝ እውነት ያስቀራል፣ ፍርድ ያዛባል። አንድ ሰው ሠርቶ ያመጣውን ነገር «እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ እንዲህ አድርጌ ነው ያደረግሁት» ሲል ራሱን እያሞገሰ አይደለም፤ እየመሰከረ ነው። ሙገሳ ቅጽል ይደረድራል፦ ታታሪ፣ ትጉህ፣ ውጤታማ። ምስክርነት ግን ቀን፣ ቦታ፣ የተባለ ቃልና የተሠራ ሥራ አለው።

እስቲ አንድ ምሳሌ አብረን እንውሰድ። መርካቶ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ የምትሠራ ወጣት እናስብ። ጠያቂው «በሥራሽ ለውጥ ያመጣሽበትን አንድ አጋጣሚ ንገሪኝ» ይላታል። የለመድነው መልስ ይኼ ነው፦ «ቅርንጫፋችን በተቀማጭ ገንዘብ አሰባሰብ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። በቡድን ሥራ እናምናለን። ደንበኞቻችንን በቅንነት እናገለግላለን።» ይህ መልስ አንድም ውሸት የለበትም። አንድም ሰው ግን የለበትም። ጠያቂው ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ነገር አያገኝም።

ያቺው ወጣት እማኝ ሆና ስትናገር እንስማት። «ነጋዴዎቹ ሱቅ የሚዘጉት እኛ መስኮት ከዘጋን በኋላ ነው። የቀኑን ሽያጭ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ አይ ነበር። ማታ አንድ መስኮት እንዲቆይ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት፤ አይሆንም አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የጥበቃና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ እንደሚያሳስበው ነገረኝ። ልክ ነበር፤ እኔ አላሰብኩበትም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ መዘገብኩ። ጠዋት ከሚሠሩት መስኮቶች አንዱ ባዶ እንደሚውል አየሁ። አዲስ ሰው ሳይቀጠር፣ ያንን አንድ ሰው ወደ ማታ ማዞር እንደሚቻል ጽፌ ሰጠሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሞክረው አለ።»

ልዩነቱን ሰማችሁት? እዚህ ውስጥ ራሷን ያወደሰችበት ቃል የለም። «ልክ ነበር፤ እኔ አላሰብኩበትም» ብላ ለአለቃዋ ፈረደችለት፤ ይኼ ከጨዋነታችን ጋር ፈጽሞ አይጣላም። ሆኖም ሰሚው ብዙ ነገር አወቀ። የምታይ ሰው ናት፤ እምቢ ስትባል ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰምታ ሐሳቧን ታሻሽላለች። ቅድም አደራ ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥያቄ አስታውሱ፤ ከዚች ልጅ ጎን የተቀመጠ ተማሪ መርካቶን ይማራል፤ አዲስ ሰው ሳይቀጥሩ ሥራ ማሻሻልንም ይማራል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር ላውጣ። አንደኛው «እኛ» የምንላት ነገር ናት። በቡድን የተሠራውን የቡድን ማለት እውነት ነው፤ ግን ጠያቂው ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ቡድኑን አይደለም። ስለዚህ የቡድኑን ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና «ከዚያ ውስጥ የእኔ ሥራ ይኼ ነበር» በሉ። የሌላውን ድርሻ አለመውሰድም የምስክርነቱ አካል ነው። ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ጠንቃቃ ጠያቂ በአንድ ታሪክ ላይ ሦስት አራት ጥያቄ ይከምራል፦ «ሥራ አስኪያጁ እምቢ ሲል ምን ተሰማሽ? ሌሎቹ ገንዘብ ተቀባዮች ምን አሉ? ዛሬ ብታደርጊው ምን ትለውጫለሽ?» የኖሩት ታሪክ እነዚህን ሁሉ ይሸከማል። የተሸመደደ መልስ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በከተማችን ገንዘብ ተቀብለው ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስጻፍም ቀሏል። እኔ የምፈራላችሁ ድርሰቱ ያማረ እንደሆነ ነው። ሃርቫርድን ወይም ስሎንን የመሰለ ትምህርት ቤት ሰነዱን አንብቦ ነው የሚመጣው፤ ድርሰቱ ላይ ያለው ሰውና ፊቱ የተቀመጠው ሰው የተለያዩ ከሆኑ ወዲያው ይታወቀዋል። የራሳችሁ የሆነ ተራ ድርሰት የሌላ ሰው ካማረ ድርሰት ይሻላችኋል፤ ሲጠይቋችሁ ልትመሰክሩለት ትችላላችሁና።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ወደ ውድቀት። «ያልተሳካልህን ነገር ንገረኝ» ሲባል እኛ ሁለት ማምለጫ አለን። አንዱ «ከሥራ ብዛት የተነሳ ራሴን አላሳርፍም» ዓይነት፣ ጉድለት መስሎ ምስጋና የሆነ መልስ ነው። ጠያቂዎች ይህን ሰምተው ሰልችቷቸዋል። ሁለተኛው ሁሉንም ወደ ሁኔታው ማላከክ ነው፦ መብራት ጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ አልተገኘም፣ ጉምሩክ ያዘው። እውነት ነው፣ እነዚህ ነገሮች በአገራችን ሥራ ያበላሻሉ፤ የማያውቅ ጠያቂ ካለ ማስረዳትም ይገባል። ነገር ግን ቡና የሚልክ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ልጅ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ሲዘገይና ገዢው ውል ሲያፈርስበት፣ የመንገዱ መዘጋት የእሱ ጥፋት አይደለም፤ መንገዱ እንደተዘጋ ሰምቶ ለገዢው ሳይነግር የቆየባቸው ቀናት ግን የእሱ ናቸው። ጠያቂው መስማት የሚፈልገው እነዚያን ቀናት ነው። ለምን ሳትነግረው ቆየህ? ምናልባት አለቃህን ፈርተህ፣ ምናልባት ነገ ይከፈታል ብለህ። ይህን በግልጽ የተናገረ ሰው ነጥብ አይጎድልበትም፤ እንዲያውም የቀረውን ቃሉን ሁሉ እንዲያምኑለት ያደርጋል።

ከአለቃ ጋር ስላለመስማማትም ይጠየቃል። «ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ አላውቅም» የሚል መልስ በእኛ ዘንድ ጥሩ ሰው ያሰኛል። ለእነሱ ግን «ይህ ሰው የተሳሳተ ነገር ሲያይ ዝም ይላል» ማለት ነው። በአደባባይ አለመቃወም ሌላ ነው፤ ጨርሶ አለመናገር ሌላ ነው። እኛ አለቃችንን ለብቻው አግኝተን፣ በአክብሮት፣ አንዳንዴም ሽማግሌ ልከን የምንናገር ሰዎች ነን። ያንኑ እንዳደረጋችሁት ንገሩት። ለምን በስብሰባ ላይ እንዳልተናገራችሁ አስረዱት። ሰውን ሳያዋርዱ ሐሳብን መቃወም የትም አገር የሚፈለግ ችሎታ ነው።

ከዚያ «ለምን ኤም ቢ ኤ? ለምን አሁን?» ይመጣል። «ዕውቀቴን ለማሳደግና አገሬን ለማገልገል» የሚለው መልስ ልባችሁ ያመነበት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሊለው ይችላል ግን። እናንተ በዚህ ጊዜ በዚህ አገር የምትሠሩ ሰዎች ናችሁ፤ «ለምን አሁን» ለሚለው ጥያቄ እንደ እናንተ ጥሩ መልስ ያለው አመልካች ብዙ የለም። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በቀጣዩ ወር በጥር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ባንክ ውስጥ የምትሠራ ሰው ይህ ሁሉ በጠረጴዛዋ ላይ ሲያልፍ አይታለች። «እስከ ዛሬ ውድድራችን እርስ በርስ ነበር፤ ከእንግዲህ ከውጭ ባንክ ጋር ነው። እኔ የብድር ሥጋትን የተማርኩት በመያዣ ነው፤ ያለ መያዣ ማበደርን የሚያውቅ ሰው በቅርንጫፌ የለም፤ ያንን ልማር ነው የምመጣው» ብትል፣ ጠያቂው አሜሪካዊም ይሁን ፈረንሳዊ ጆሮውን ይሰጣታል። የቀድሞው መልስ ስለ አገር ፍቅር ይናገራል፤ ይኼኛው ፍቅሩን በሥራ ያሳያል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የሚከነክነኝን ልናገር። ይህ ቃለ መጠይቅ ፍጹም ፍትሐዊ ነው አልልም። አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከልጅነቱ ክፍል ፊት ቆሞ ስለ ራሱ ሲያወራ ያደገ ልጅ ቀድሞ ይጀምራል። ከወልድያ ወይም ከነቀምት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተነስቶ፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆኖ ተምሮ፣ በራሱ ጥረት ኢንጂነር የሆነው ልጅ ብዙ ጊዜ የበለጠ የሚነገር ሥራ ይዞ የባሰ ይናገራል። በሥራ ቅጥር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ጠያቂው እንደመጣለት የሚጠይቅበት ቃለ መጠይቅ የሰውን የወደፊት ሥራ የመገመት አቅሙ ደካማ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትና መልሱ በተወሰነ መለኪያ የሚመዘንበት ይሻላል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ወደዚህ አዘንብለዋል። ይህ ለእኛ ልጆች ጥሩ ዜና ነው፤ የሚጠየቀው አንደበት ሳይሆን ያለፈ ድርጊት ሲሆን፣ የሠራ ሰው ዕድል አለው። እናንተም ቀድማችሁ የሄዳችሁት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስታንፎርድም ሎንደንም የተማራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከእነዚህ ልጆች አንድ አንዱን ይዛችሁ አለማምዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት በቂ ነው።

እንግሊዝኛችሁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ቅላጼያችሁ የኢትዮጵያዊ መሆኑ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ፍጥነት ነው፤ ስንፈራ እንቸኩላለን። ጥያቄው ካልገባችሁ ይድገሙልኝ ማለት ነውር የለውም። «ጥቂት ላስብ» ብሎ ትንፋሽ መውሰድም እንዲሁ።

አሁን ቅድም ያቆየሁትን የዋርተንን የቡድን ውይይት ላንሳ። የእኛ ልጅ እዚያ ሲገባ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ሲናገሩ ያያል፤ ተራ እስኪሰጠው ይጠብቃል፤ ተራ የሚሰጥ ሰብሳቢ ግን የለም። ደቂቃው ያልቃል። ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቀድሞ መናገርም ግዴታ አይደለም። በዕድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው የሚያደርገውን አድርጉ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር እየተናገሩ መሆኑን ሲያይ «እርስዎ እንዲህ ነው ያሉት፣ እሳቸው ደግሞ እንዲህ» ብሎ ያገናኛል። ያልተናገረውን ሰው በስሙ ጠርቶ ሐሳቡን ይጠይቃል። አሥር ደቂቃ ሲቀር ውሳኔ ላይ እንድረስ ይላል። ጽዋ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ የሠፈር ኮሚቴ ያስተዳደረ ሰው ይህን ችሎታ አስቀድሞ አለው፤ ሲቪው ላይ ሳይጽፈው የሚቀረው ሥራ አይደለም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ጻፉት። በመቶ የሚቆጠሩ አባወራዎችን ገንዘብ በአደራ የያዘ ሰው ስለ አመራር የሚናገረው አለው።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ ትንንሽ የሚመስሉ ጉዳዮች። ብዙው ቃለ መጠይቅ ዛሬ በኮምፒዩተር ስለሚካሄድ ሰዓት ያሳስታል። የቀጠሮው ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ 3፡00 ቢል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በጭንቀት ጊዜ ይሳታል። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ይኼ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ቃለ መጠይቅ የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በዚሁ ወቅት አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንመልስም። ቦስተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ የነበረው 8 ይሆናል፤ ፓሪስ ከ1 ወደ 2 ይሄዳል። አውሮፓ የሚቀይረው በጥቅምት አጋማሽ ሲሆን አሜሪካ የሚቀይረው ከዚያ ሳምንት ቆይቶ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ የቀጠሮውን ቀን ሰዓት ተመልከቱ እንጂ የዛሬውን አትመልከቱ።

ሲቪያችሁ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ ከሆነ የሥራ ዘመናችሁ ይዛባል፣ ጠያቂውም የተደበቀ ነገር ያለ ይመስለዋል። የአባታችሁን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ በእሱ ሊጠራችሁ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ «ስሜ ይኼኛው ነው፤ ይኼኛው የአባቴ ነው» ብላችሁ አስረዱት፤ ጥሩ የጨዋታ መግቢያም ይሆናል። መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበት ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ስልካችሁ ላይ ዳታ ይኑራችሁ። ኬሎግና ኢንሲአድ የመሳሰሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጥያቄው ስክሪን ላይ ወጥቶ፣ ጥቂት ሴኮንድ አስባችሁ፣ ሰው ሳይኖር ለካሜራ የምትመልሱበት አሠራር አላቸው። ያንን በስልካችሁ እየቀረጻችሁ ተለማመዱ፤ መጀመሪያ ራስን ማየት ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል።

በስተመጨረሻ ጠያቂው «አንተስ የምትጠይቀኝ ነገር አለ?» ይላል። እኛ በትሕትና «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» እንላለን። ይህን አታድርጉ። ስለ ትምህርት ክፍያና ከአመልካቾች ስንት በመቶው እንደሚገባ አትጠይቁት፤ ያ በድረ ገጻቸው ላይ አለ። ምሩቅ ከሆነ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት፦ ክፍል ውስጥ ሐሳብህን የለወጠብህ ተማሪ ማን ነበር፣ ምን ብሎ? ከአፍሪካ የመጡ ተማሪዎች ከየትኛው ክበብ ጋር ይሠሩ ነበር? ተመርቀህ ወደ አገርህ ስትመለስ ከተማርከው የትኛው ሠራልህ፣ የትኛውስ አልሠራም? የመጨረሻዋ ጥያቄ እኔ ራሴ ከአመልካቾች መስማት የምወድዳት ናት፤ ከእሷ በኋላ የሚከተለው ወሬ የሁለት ሰው ወሬ ይሆናል።

የእኔ ይኼ ነው። አሁን የእናንተ ተራ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቃለ መጠይቅ የተቀጠረለት ሰው በመካከላችን ካለ ከእሱ እንጀምር፤ ወደ ፊት ይምጣና አንድ ታሪክ ይንገረን፣ አዳራሹ ደግሞ ይጠይቀው።